ያጠፋሁት መልእክት

ይህን ነገር ለአስራ አምስት ዓመት ከአፌ አላወጣሁትም። እናቴ ሳታውቀው ሞተች። ባለቤቴ አብሮኝ እየኖረ አላወቀውም። በሶላቴ ላይ እንኳ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፤ "ያጠፋሁትን ሁሉ ማረኝ" እያልኩ ከሌላው ጥፋቴ ጋር ቀላቅዬ አልፈው ነበር። ባለፈው ዓመት ለሁለት ሰዎች ነገርኩ። ዛሬ ለእናንተ የምጽፈው ጉዳዩ የሚመለከታት ሴት "ጻፊው፤ ስሜንም አትደብቂ" ስላለችኝ ነው።

ስሜ ሩቂያ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ነው። አባቴ ከድንበሩ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ ጨርቅና ቅመም እያመጣ የሚነግድ ሰው ነበር። አማርኛ የእሱ ቋንቋ ነው፤ ከእናቴ ጋር ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤት ደግሞ ስዋሂሊ እናወራ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ ሁለተኛው ዓመት፣ ፎርም ቱ ስደርስ አባቴ ታመመና አልጋ ላይ ዋለ። ሱቁን የሚጠብቅ ስለጠፋ ደብተሬን አስቀምጬ ከመደርደሪያው ኋላ ቆምኩ። ለጥቂት ጊዜ ነው ተባልኩ፤ እዚያው ቀረሁ። የክፍል ጓደኞቼ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው በሱቁ ፊት ሲያልፉ ዕቃ የማወርድ መስዬ ጀርባዬን እሰጣቸው ነበር።

ጎረቤታችን አዴ ዳርሚ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ የግመል ወተት እየሸጡ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጃቸው ቱሜ በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ይዟት ዓይኗን አጣች። ይህ የምነግራችሁ ነገር ሲሆን እሷ አስራ አራት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አስራ ስምንት። እናቷ በጠዋት ወተታቸውን ይዘው ሲወጡ ቱሜ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ ሱቃችን ትመጣና የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ ከእኔ ጋር ትውላለች። ሰውን በአካሄዱና በሳሉ ትለያለች። ደንበኛው ገና ከደጅ ሲገባ "የጃቴኒ ሚስት ናት፣ ሳሙና ፈልጋ ነው" ትለኛለች፤ ተሳስታም አታውቅ። ለሚያየን ሰው እህትማማቾች ነበርን።

የእናቷ ስልክ በገመድ ቱሜ አንገት ላይ ይንጠለጠል ነበር። አዴ ዳርሚ ማንበብ አይችሉም፣ ቱሜ አታይም፤ ስለዚህ መልእክት በመጣ ቁጥር ስልኩ ወደ እኔ ይመጣል። "ሩቂያ፣ ምን ይላል?" ትለኛለች፤ አነብላታለሁ። የዚያ ቤት ዓይን እኔ ነበርኩ። እንዲህ የምትለውም ራሷ ቱሜ ነበረች።

በዚያ ዓመት ትምህርት ያላገኙ ዓይነ ስውራን ልጆችን የሚመዘግብ አንድ አስተማሪ ወደ ከተማችን መጣ። አዴ ዳርሚ ቱሜን ይዘዋት ሄዱ። ስትመለስ ጆንያዋ ላይ መቀመጥ አቃታት።

"በጣት የሚነበብ መጽሐፍ አስነካኝ" አለችኝ። "እንደ ማሽላ ፍሬ ነው፣ ከዚያም ያነሰ። ጣቴን ይዞ 'ይሄ ስምሽ ነው' አለኝ። ስሜን ነካሁት፣ ሩቂያ።"

አስተማሪው የስልክ ቁጥራቸውን ወስዷል። ቦታ ከተገኘ መልእክት እልካለሁ ብሏል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቱሜ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስለሚሰጧት አልጋ፣ ስለምታገኛቸው ልጆች፣ ስትመለስ ለእናቷ ስለምታነበው ነገር ታወራለች። እኔ እየሰማሁ ስኳር እመዝናለሁ።

መልእክቱ የመጣው ሐሙስ፣ ከቀትር በፊት ነው። ስልኩ ጮኸ፤ ቱሜ ከአንገቷ አውልቃ ዘረጋችልኝ። በስዋሂሊ የተጻፈ ነበር። ዛሬም በቃሌ እደግመዋለሁ። ቱሜ ጃርሶ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ቦታ ተሰጥቷታል፤ ከእናቷ ጋር እስከ ሰኞ ትምህርት ቢሮ ትቅረብ፤ የሚወስዳት መኪና ተዘጋጅቷል፤ ካልቀረበች ቦታው ለሌላ ልጅ ይሰጣል፤ ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቱሜ አንገቷን ወደ እኔ አዘንብላ ትጠብቃለች።

"ምን ይላል?"

"ማስታወቂያ ነው" አልኩ። "የስልክ ካርድ ማስታወቂያ።"

እና አጠፋሁት። አውራ ጣቴን ሁለት ጊዜ ተጫንኩ፤ አለቀ።

ለምን? ይህን ስንት ጊዜ ራሴን ጠየቅኩ? ስንት ጊዜስ ደህና የሚመስል መልስ ፈለግኩለት? ሩቅ አገር ሄዳ ሰው እንዳይጎዳት ፈርቼላት ነው ልበል? እናቷ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ብዬ ነው ልበል? ለብዙ ዓመት እንዲህ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። ቀንቼ ነው። እኔ ዓይን እያለኝ ሱቅ እጠብቃለሁ፣ እሷ ሳታይ ትማራለች ብዬ ቀናሁ። በዚያ ሱቅ ውስጥ እኔ ከእሷ እሻላለሁ የምላት ሰው ቱሜ ብቻ ነበረች፤ እሷም ከሄደች ከሁሉ በታች የምሆነው እኔ ነኝ። ያኔ እንዲህ በቃላት አላሰብኩት ይሆናል። ጣቴ ግን ያውቅ ነበር።

የባሰው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ዓርብ መጣ፣ ቅዳሜ መጣ፣ እሑድ መጣ። በነዚያ ቀናት አፌን መክፈት እችል ነበር። ሰኞ ጠዋት እንኳ ጊዜ ነበረኝ፤ ቢሮው ከሱቃችን በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ እጇን ይዤ ብነሳ እንደርስ ነበር። እኔ ሰኞ ጠዋት ሳሙና ደረደርኩ። ቱሜ አጠገቤ ተቀምጣ ካርቶኑን ትይዝልኝ ነበር።

ለወራት ስልኩ በጮኸ ቁጥር "ከአስተማሪው ነው?" ትለኛለች። "አይደለም" እላለሁ። እውነቴን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ከአስተማሪው የመጣ የለም። እንዲህ ያለ እውነት እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። በመጨረሻ አዴ ዳርሚ ወተታቸውን ሰው ጋ ትተው ቢሮ ሄዱ። አስተማሪው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፣ ምዝገባውም አልቋል ተባሉ። ቱሜ ያን ቀን ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ "አልፈለጉኝም ማለት ነው" አለች።

እኔ ምን አልኩ? "የራሳቸው ጉዳይ ነው" አልኩ። አቅፌያትም ነበር።

ዓመታት አለፉ። አባቴ ሞተ፣ ሱቁ የእኔ ሆነ፣ አገባሁ፣ ሁለት ልጆች ወለድኩ። ቱሜ ከእናቷ ጋር ወተት መሸጥ ጀመረች። ክዳኑን ከፍታ ስታሸተው የትኛው ወተት ሊበላሽ እንደሆነ ከሁሉ ቀድማ ታውቃለች፤ ገበያው ይወዳታል። ሁልጊዜ ወደ ሱቄ ትመጣለች። እኔን ግን ሳቋ ያስፈራኝ ጀመር። ይህቺ ሴት ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሥራ ላይ ሆና ልትስቅ ትችል ነበር እላለሁ፤ ለራሴ ብቻ።

ከአራት ዓመት በፊት አንዲት ጡረታ የወጣች ዓይነ ስውር መምህርት ሞያሌ ዘመዶቿ ዘንድ ልትኖር መጣች። በቤቷ ለአዋቂዎች ብሬይል ማስተማር ጀመረች፤ ብሬይል ማለት ያ በጣት የሚነበበው ጽሑፍ ነው። ቱሜ ወሬውን እንደሰማች መጣች።

"ትወስጂኛለሽ?" አለችኝ። "መንገዱ ቦዳ ቦዳ፣ የታክሲ ሞተር ሳይክል፣ ይበዛበታል። እስክለምደው፣ ሁለት ሳምንት ብቻ።"

ሁለት ሳምንቱ ስድስት ወር ሆነ። አጠገቧ ተቀምጬ እኔም ተማርኩ፤ እሷ በጣቷ፣ እኔ በዓይኔ። ስድስት ነጥብ ብቻ ናቸው፤ ስዋሂሊውም እንግሊዝኛውም አማርኛውም በነዚያ ስድስት ነጥቦች ይጻፋል። በእጅ ሲጻፍ ወረቀቱን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉን ገልብጦ መውጋት ነው፤ ሲያዞሩት ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። እኔ እየተምታታብኝ ስሳሳት ቱሜ ወረቀቴን ዳብሳ ትስቅብኛለች። ሌሎቹን ወር የፈጀባቸውን እሷ በሳምንት ጨረሰችው። መምህርቷ አንድ ቀን፣ "በልጅነትሽ ትምህርት ቤት ገብተሽ ቢሆን ዛሬ የምታስተምሪው አንቺ ነበርሽ" አለቻት።

"አልደረሰኝም" አለች ቱሜ። ይህን ብቻ። እኔ ወረቀት የወደቀብኝ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ሥራውን ያሰበችው እሷ ናት። ትምህርቱ ሲያልቅ የሚነበብ ነገር አልነበረም። መምህርቷ ያሏትን ሦስት መጻሕፍት ቱሜ ደጋግማ ጨረሰቻቸውና አንድ ጠዋት ሱቄ መጣች።

"እዚህ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነ ስውራን ልጆች አሉ አሉ" አለችኝ። "መጽሐፍ የላቸውም፤ ሌሎቹ ሲያነቡ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እጽፋለሁ። ቤትሽ ሰፊ ነው።"

እሺ አልኩ። በልቤ ይህ ካሳዬ ነው አልኩ፤ ይህን ከሠራሁላት መናገር አይኖርብኝም ብዬ ከራሴ ጋር ተስማማሁ። አያችሁ? መልካም ሥራ ስጀምር እንኳ መደበቂያ አድርጌው ነው።

የሱቁን ፍሪጅ ሸጬ ገንዘቡን ስሰጣት መምህርቷ አሮጌ የብሬይል መጻፊያ መኪናዋን ለቀቀችልን። ከባድ ብረት ነው፤ ስድስት ቁልፍ ለስድስቱ ነጥብ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ለክፍተት አንድ ቁልፍ አለው። መብራት አይፈልግም፤ ይህ ሞያሌ ላይ ቀላል ነገር አይደለም። የሳሎኑን ወንበሮች ወደ ኋላ ክፍል አስገባንና መስኮቱ ስር ጠረጴዛ አቆምን። በመጀመሪያው ወር ብዙ አበላሸን። የተጻፈውን ወፍራም ወረቀት እንደ ተራ ወረቀት ደራርበን ብናስተኛው ነጥቦቹ ተጨፍልቀው ጠፉ፤ ሠላሳ ገጽ እንደገና ጻፍን። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱን እናቆማለን። አቧራው መኪናውን ሲይዘው በጨርቅና በመርፌ እያጸዳን እንለምነዋለን። የመጀመሪያ ሥራችን የአራተኛ ክፍል የስዋሂሊ ንባብ መጽሐፍ ነበር። ሁለተኛው አንዲት ሙሽራ ለማታይ አክስቷ ያጻፈችው የሠርግ ጥሪ ነው። አክስትየዋ ዕድሜዋን ሙሉ ጥሪ ተነግሯት እንጂ ተጽፎላት አያውቅም ነበር አሉ።

አሠራራችን እንዲህ ነው፤ እኔ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ቱሜ ቁልፎቹን ትጫናለች፣ ሲያልቅ በጣቷ ታርመዋለች። አሁንም የማነብላት እኔ ነበርኩ ማለት ነው። ነጥብ ሳልዘል፣ ሰረዝ ሳልዘል አነብላታለሁ። እንዲህ ስጠነቀቅ ምን የሚሻሻል መስሎኝ ነበር? አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን "አንቺ ባትኖሪ በማን ዓይን አነብ ነበር?" አለችኝ። ሻይ እንዳቃጠለው ሰው ብርጭቆውን አስቀመጥኩ።

ባለፈው ዓመት ከጎዶማ መንደር ጋልጋሎ የሚባል የከብት ነጋዴ መጣ። ዘጠኝ ዓመት የሆናት የማታይ ልጅ አለችው። ከኪሱ አንድ የታጠፈ ደብዳቤ አወጣ።

"ትምህርት ቤት ተቀብሏታል" አለ። "አንብቤላታለሁ። ግን 'እውነትህን ነው?' እያለች መላልሳ ትጠይቀኛለች። ነጥቦቹን ታውቃለች፤ ራሷ በጣቷ እንድታነበው ጻፉልኝ።"

ቱሜ መኪናው ላይ ወረቀት አስገባች። እኔ ደብዳቤውን ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። የልጅቷን ስም አነበብኩ። "ቦታ ተሰጥቷታል" የሚለው ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

ቱሜ ጣቶቿን ከቁልፎቹ ሳታነሳ "ምነው ቆምሽ?" አለች።

"መስመር ስቼ ነው።"

ጨረስነው። ሰውዬው ወረቀቱ እንዳይጨፈለቅ በሁለት መዳፉ እንደ እንቁላል ይዞ ወጣ። ልጁን አመነችኝ አላመነችኝ ሳይል ማስረጃውን ይዞላት ሄደ። እኔ ደግሞ ያቺን ልጅ አሰብኩ፤ አባቷ ማንበብ ባይችልና መልእክቷ እንደኔ ያለ ሰው እጅ ቢገባስ ኖሮ?

በማግስቱ ቱሜ ከመምጣቷ በፊት መጻፊያ መኪናው ፊት ብቻዬን ተቀመጥኩ። በአፌ መናገር ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠውም። አንድ ገጽ ጻፍኩ። መልእክቱን እንዳለ፣ ቀኑን፣ "ማስታወቂያ ነው" ያልኩትን፣ ማጥፋቴን፣ እስከ ሰኞ ዝም ማለቴን ጻፍኩ። የመጨረሻው መስመር "ቀንቼ ነው" ይላል። ስትመጣ ወረቀቱን ፊቷ አስቀመጥኩና "ይህን አንብቢው" አልኳት።

ጣቶቿን አየሁ። ግራ እጇ መስመሩን ይጠብቃል፣ ቀኟ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ስሟን ስታገኝ ፈገግ አለች። ሦስተኛው መስመር ላይ ዘገየች። አምስተኛው ላይ ቆመች፤ ወደ ኋላ ተመልሳ ያንኑ መስመር እንደገና ሄደችበት፤ ከዚያም እንደገና። ውጭ አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር። ቱሜ እስከ መጨረሻው አነበበች። እጇን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም።

"ስሜ ነበረበት?" አለች።

"ነበረበት። ቱሜ ጃርሶ ይላል።"

"ሌላ ቱሜ ትሆን?"

"አንቺ ነሽ።"

ጣቷን ስሟ ላይ መለሰች። "እንግዲህ ፈልገውኝ ነበር" አለች።

እርግማን እየጠበቅኩ ነበር። ትምህርት ቤቱን ብቻ የቀማኋት ይመስለኝ ነበር። ለካ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ ወተት ስትሸጥም ስትስቅም፣ ያልተፈለገች ሰው ነኝ ብላ ነው የኖረችው። ይህንንም እኔ ነኝ ያሸከምኳት።

ወረቀቱን ሳታጥፈው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በትሯን አነሳች። ክንዴን ስዘረጋላት "መንገዱን አውቀዋለሁ" ብላ ወጣች።

አምስት ሳምንት አልመጣችም። ሥራ መጣ፣ ብቻዬን ጻፍኩ፤ የሚያርም ሰው ስላልነበረ ምን ያህል እንደተሳሳትኩ አላውቅም። ቤቷ ልሂድ እልና ከደጄ እመለሳለሁ። በስድስተኛው ሳምንት እናቷን ይዛ መጣች። ቁጭ እንዳሉ "ለእናቴ አንቺ ንገሪያት፤ እኔ አልነገርኳትም" አለችኝ።

ነገርኳቸው። አዴ ዳርሚ የወተት ዕቃቸውን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው ሰሙኝ።

"ልጅ ነበርሽ" አሉኝ በመጨረሻ።

"አልነበርኩም፣ አዴ። አስራ ስምንት ዓመቴ ነበር። የማደርገውን አውቅ ነበር።"

"እኔስ? ቶሎ ቶሎ ቢሮ መመላለስ ነበረብኝ። ወተቴን አስቀደምኩ" አሉና አለቀሱ። እኔ ባጠፋሁት እሳቸው ራሳቸውን ሲወቅሱ ኖረዋል። ከሰማሁት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። እግራቸው ስር ወርጄ "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንድም የእርስዎ የለበትም" አልኳቸው፤ እስኪያምኑኝ ድረስ ደጋገምኩት።

ቱሜ ተነስታ ወደ መጻፊያ መኪናው ሄደች። "ሥራውን አልተውም፤ የእኔ ሥራ ነው" አለች። "ግን ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ያነበብሽውን ሌላ ሰው ያያል።" አሁን የሰፈራችን ትምህርት ቤት አስተማሪ እየመጣ እያንዳንዱን መጽሐፍ ከዋናው ጋር ያስተያያል። ለጥራት ነው ይላል። እኔ ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሥራው አድጓል። መደርደሪያችን ሞልቶ መጻሕፍቱ የልጆቼ ክፍል ገብተዋል፤ ከማዶ የአማርኛ ጽሑፍ የሚያመጡም አሉ። የጋልጋሎ ልጅ ከትምህርት ቤት በብሬይል ደብዳቤ ጻፈችልን፤ ሾርባው እንደማይጣፍጥና ጓደኛ እንዳገኘች ትነግረናለች። ቱሜ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ከመጻሕፍቱ ሁሉ ከፍ አድርጋ አቆመችው።

ይቅር በይኝ ብያታለሁ፤ አንድ ጊዜ። "ሲመጣልኝ እነግርሻለሁ" አለችኝ። አልጨቀጭቃትም። ይቅርታ የእሷ ነው፤ ብትሰጠኝም ባትሰጠኝም እኔ ያን መልእክት ያጠፋሁ ሴት ነኝ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ብሬይል ብጽፍ ይህ አይለወጥም።

ባለፈው ሳምንት ቱሜ ለአዋቂዎች የትምህርት ፈተና ልትመዘገብ ሄደች፤ አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊው ፎርሙን ወደ እኔ ዘረጋና "አንቺ አንብቢላት" አለኝ። እጄን ከመዘርጋቴ በፊት ቱሜ "አይ፣ አንተው አንብብልኝ" አለችው። እኔ በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ጸሐፊው ስሟን ጠራ፣ ዕድሜዋን ጠየቀ፣ የምትፈተንባቸውን ትምህርቶች አንድ በአንድ ነገራት። አልከፋኝም ብል ዋሽቼ ነው። ግን ልክ ናት፤ እዚያ በር ላይ ቆሜ እያንዳንዱን ቃል ስትሰማ ማየቴ ደስ ብሎኛል።

ስትወጣ የመመዝገቢያ ወረቀቷን ይዛለች። "ሂሳቡ ይከብዳል አሉ" አለችኝ። "የሂሳቡን መጽሐፍ ዛሬ መጻፍ እንጀምር።"

ቤት ገብተን ጀመርነው።